ደንበኞቹ ለምን ዝም አሉ? የአንድ ሰርቨር ስም የጉዳይ ጥናት

አንድ የሊኑክስ ሰርቨር ስሙ በቅጡ ስላልተስተካከለ የአንድ አስጎብኚ ድርጅት ኢሜይሎች ደንበኞች ጋ ሳይደርሱ ሰነበቱ። ችግሩ አሁን ተፈቷል። ሲታይ ቀላል ነበር። የማሽን ስም ግን አንድ ቦታ ብቻ አይጻፍም። አንዱን ቦታ ያስተካከለ ሰው «ጨረስኩ» ብሎ ይነሳል፣ ሌላው ቦታ ደግሞ የድሮውን ስም ይዞ ይቀጥላል። ጉዳዩን የመዘገብኩት ለዚህ ነው። ሊኑክስ የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይገጥመዋል።

ድርጅቱንም ሰዎቹንም አልጠራም። ዶሜይኑን «ምሳሌ.ኮም» እለዋለሁ። አይፒ አድራሻው 203.0.113.25 ይሁን። ይህ ቁጥር ለማስተማሪያ ጽሑፍ የተመደበ ነው፣ የማንም አይደለም። ትእዛዞችንና የፋይል ስሞችን እንደሚነበቡ በአማርኛ ፊደል አስቀምጫለሁ።

መነሻው

ድርጅቱ አዲስ አበባ ያለ አነስተኛ አስጎብኚ ነው። ደንበኞቹ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጡ ቱሪስቶችና ቱሪስት የሚልኩ የአውሮፓ ወኪሎች ናቸው። የቦታ ማስያዣ ሲስተሙ ለዓመታት ቢሮ ውስጥ በተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይሠራ ነበር። መብራት ሲጠፋ ሲስተሙም ይጠፋል። በመጨረሻ ውጭ አገር ካለ አቅራቢ ቪፒኤስ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚከራይ ሰርቨር፣ ተከራዩና ሁሉንም ወደዚያ አዛወሩ።

አዲሱ ሰርቨር ላይ ኡቡንቱ 22.04 የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ተጭኗል። የቦታ ማስያዣው ፕሮግራም እዚያ ነው። ከበስተጀርባ ሥራዎችን በወረፋ የሚያስተናግደው ራቢትኤምኪውም እዚያው ነው። ማረጋገጫና የዋጋ ማቅረቢያ የሚልከው የኢሜይል ፕሮግራም፣ ፖስትፊክስም እንደዚሁ። የሠራተኞቹ የኢሜይል ሳጥን ግን እዚህ ሰርቨር ላይ የለም። እሱ ሌላ አገልግሎት ሰጪ ጋ በወር ክፍያ ይቀመጣል። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል።

ሰርቨሩን ሲከራዩ ስም ያወጣለት አቅራቢው ነው፦ «ቪኤም-4471»። ማንም አልነካውም። ድረ ገጹ ይከፈታል፣ ቦታ ይያዛል፣ ክፍያ ይመዘገባል። የማሽኑ ስም ማንን ይጎዳል?

ችግሩ እንዴት ታየ

ነገሩን መጀመሪያ የጠረጠሩት የድርጅቱ ባለቤት ናቸው። የጠረጠሩት ግን ገበያውን ነበር።

«ፈረንጆቹ ዋጋ ይጠይቁና ከዚያ ጭጭ ይላሉ» አሉት የአይቲ ሠራተኛውን። «ዋጋችን ተወዶባቸው ይሆን?»

ወጣቱ «እስቲ ለአንዱ ይደውሉለትና የላክንልህ ደርሶሃል ወይ ብለው ይጠይቁልኝ» አላቸው። ደወሉ። አንድ የጀርመን ወኪል ምንም እንዳልደረሰው ነገራቸው። ስፓም ውስጥም ፈልጎ አጣው።

ነገሩን ያወሳሰበው አንዳንዱ ሰው ጋ መድረሱ ነበር። ደግሞ ሠራተኞቹ በእጃቸው የሚጽፉት ኢሜይል ሁሉ ይደርሳል። እሱ የሚወጣው በሌላው አገልግሎት ሰጪ በኩል ስለሆነ ነው። ስለዚህ ቢሮው ውስጥ «ኢሜይላችን ይሠራል» የሚል እምነት ነበር። ሲስተሙ የሚልከው ብቻ ተለይቶ እንደሚታገድ ማንም አላሰበም።

የታገዱት ኢሜይሎች ለምን ተመልሰው አልመጡም? መጥተዋል። ላኪው አድራሻ ግን «መልስ አይላክበትም» ዓይነት አድራሻ ነበር፣ ሳጥንም አልተከፈተለትም። የመመለሻ መልእክቶቹ ማንም ሳያያቸው ጠፉ። እኔን ካስገረመኝ ነገር አንዱ ይህ ነው። አንድ ድርጅት ገንዘብ የሚያመጣለትን ደብዳቤ ማንም በማያነበው አድራሻ ይልካል። ያን አድራሻ ወደ አንድ ሰው ሳጥን ማዞር ደግሞ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሎጉ ምን አለ

የፖስትፊክስ ሎግ፣ ማለትም የሥራ መዝገቡ፣ /ቫር/ሎግ/ሜይል.ሎግ ውስጥ ነው። ሲከፈት ሁለት ዓይነት እምቢታ ተገኘ።

የመጀመሪያው ከአውሮፓ ወኪሎቹ ሰርቨሮች የመጣ ነው። ኮዱ 504 ሲሆን «ሙሉ የሆነ ስም ያስፈልገኛል» ይላል። ሁለተኛው ከጂሜይል ነው። ኮዱ 550 5.7.25 ነው፣ የሚለውም «ይህ አይፒ ፒቲአር ሪከርድ የለውም፣ ወይም ያለው ስም ተመልሶ ወደዚህ አይፒ አያመጣም» ነው።

ኢሜይል የሚልክ ሰርቨር ከተቀባዩ ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ ራሱን ያስተዋውቃል። ይህ «ሄሎ» ይባላል። ሁኔታው ግቢ በር ላይ ከቆመ ዘበኛ ጋር ከሚደረግ ንግግር አይለይም። ዘበኛው ስም ይጠይቃል፣ ከዚያ መታወቂያ ያያል። የእኛ ሰርቨር ስሙን ሲጠየቅ «ቪኤም-4471» ይላል። የአባት ስም የለም። መታወቂያውም፣ ማለትም አይፒውን ወደ ስም የሚመራው ፒቲአር፣ አልወጣለትም። ጥብቅ የሆነው በስሙ መለሰው፣ ጂሜይል ደግሞ በመታወቂያው። ቸልተኛ የሆኑት አሳለፉት። «አንዳንዱ ጋ ይደርሳል» የሚለው እንቆቅልሽ እዚህ ተፈታ።

ጎግል ከየካቲት 2024 ጀምሮ ወደ ጂሜይል የሚልክ ሁሉ የተስተካከለ ዲኤንኤስ፣ ማለትም የኢንተርኔት የስምና የአይፒ መዝገብ፣ እንዲኖረው ይጠይቃል። ስሙ ወደ አይፒው፣ አይፒውም ወደ ስሙ መምራት አለበት። በተጨማሪ ደብዳቤው በእውነት ከዶሜይኑ መምጣቱን የሚያሳይ ነገር ያስፈልጋል፦ በዶሜይኑ ስም መላክ የሚችሉትን ሰርቨሮች በዲኤንኤስ ላይ የሚዘረዝረው ኤስፒኤፍ፣ ወይም ደብዳቤውን በዲጂታል ፊርማ የሚፈርመው ዲኬአይኤም። በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ የሚልኩት ላይ ደግሞ ሌላ ጥብቅ ሕግ አለ። ይህ ድርጅት ወደዚያ ቁጥር አይጠጋም። መሠረታዊው ሕግ ግን ትንሽ ትልቅ አይልም።

መጀመሪያ የተሞከሩት

እኔ ከመጠራቴ በፊት የአይቲ ሠራተኛው የሚችለውን ሞክሯል። ሙከራዎቹን በዝርዝር የማስቀምጠው ሁሉም አስተማሪ ስለሆኑ ነው። ማንኛውም ብልህ ሰው በዚያው መንገድ ይሄድ ነበር።

በመጀመሪያ «ዶሜይንኔም» የሚለውን ትእዛዝ አየና ዶሜይኑን ሰጠው። ትእዛዙ ያለ ቅሬታ ተቀበለ። ምንም ግን አልተለወጠም። ይህ ትእዛዝ ከዲኤንኤስ ጋር አይገናኝም። ኤንአይኤስ ለሚባለው፣ ሰን ማይክሮሲስተምስ ለሠራው የቆየ የተጠቃሚ ማውጫ ሲስተም ነው። ዛሬ እሱን የሚጠቀም ጥቂት ነው፣ ስሙ ግን ሰው ማሳሳቱን አላቆመም።

ቀጥሎ «ሆስትኔም ምሳሌ.ኮም» ብሎ ጻፈ። ስሙ ተለወጠ። ሰርቨሩ ሪቡት ሲደረግ ግን ወደ «ቪኤም-4471» ተመለሰ። ይህ ትእዛዝ የሚለውጠው የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል በዚያች ሰዓት የያዘውን ስም ብቻ ነው፣ ፋይል አይነካም።

ከዚያ ትክክለኛውን መሣሪያ አገኘ፦ «ሆስትኔምሲቲኤል ሴት-ሆስትኔም»። ይህ /ኢቲሲ/ሆስትኔም የሚለውን ፋይል ይጽፋል፣ ከሪቡት በኋላም ይጸናል። ግን አዲስ ነገር መጣ። ትእዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስፈጽመውን «ሱዶ» በጠራ ቁጥር «የዚህን ማሽን ስም ማግኘት አልቻልኩም» የሚል መልእክት ይወጣል፣ ትእዛዙም ይንቀራፈፋል። ስሞችን ከአይፒ ጋር የሚያዛምደው /ኢቲሲ/ሆስትስ ፋይል ውስጥ ያለው አሁንም የድሮው ስም ስለነበረ ነው። ፋይሉን አስተካከለ፣ ሱዶ ዝም አለ። በሚቀጥለው ሪቡት ያስተካከለው ሁሉ ጠፍቶ የድሮው መስመር ተመልሶ ተቀመጠ። ልጁ ሰርቨሩ የተጠለፈ መስሎት ነበር።

ፋይሉን የሚመልሰው ክላውድ-ኢኒት ነው። የኪራይ ሰርቨሮች መጀመሪያ ሲነሱ ስም፣ ቁልፍና ኔትወርክ የሚያስተካክልላቸው ፕሮግራም ነው። «ማኔጅ ኢቲሲ ሆስትስ» የሚለው ምርጫው በርቶ ከሆነ ሆስትስ ፋይሉን በየሪቡቱ ከአንድ ንድፍ ላይ አዲስ አድርጎ ይጽፋል። ይህን የሚገልጽ ማስታወሻ ፋይሉ አናት ላይ ተጽፏል። ማን ያነበዋል! ሁላችንም አስተያየት መስመሮችን ዘለን ወደ ቁጥሮቹ ነው የምንሄደው።

ትልቁ ጉዳት የመጣው ግን ከስም ምርጫው ነው። ልጁ ለሰርቨሩ የሰጠው ስም ራሱን ዶሜይኑን ነበር፦ ባዶ «ምሳሌ.ኮም»። ፖስትፊክስ ውስጥም «ማይሆስትኔም» የሚለውን ቦታ እንዲሁ ሞላው። ወዲያው ውጤት ታየ። ነጥብ ያለው ሙሉ ስም ስለሆነ የአውሮፓ ወኪሎቹ መቀበል ጀመሩ። ደስታ ሆነ። ብዙ ሳይቆይ ግን የቢሮ ሠራተኞች «የቦታ ማስያዣ ኮፒ አይደርሰንም» ማለት ጀመሩ።

ለምን? ፖስትፊክስ «ማይዴስቲኔሽን» የሚባል ዝርዝር አለው። «እነዚህን ስሞች የያዘ ደብዳቤ የእኔ ነው፣ ወደ ውጭ አልልክም፣ እዚሁ አደርሳለሁ» የሚልበት ነው። ማይሆስትኔም ደግሞ በተለምዶ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ሰርቨሩ «እኔ ምሳሌ.ኮም ነኝ» ካለ በኋላ በምሳሌ.ኮም ለሚያልቅ አድራሻ ሁሉ ተቀባዩ እሱ ሆነ። እውነተኛዎቹ ሳጥኖች ሌላ ቦታ መኖራቸውን አያውቅም፣ ዲኤንኤስንም አይጠይቅም። ሎጉ «እንዲህ የሚባል ተጠቃሚ የለም» እያለ ይደረድራል። አንድ በር ተከፍቶ ሌላው ተዘጋ ማለት ነው።

ስም የት የት ይኖራል

መፍትሔው ላይ ከመድረሳችን በፊት ቦታዎቹን መለየት ነበረብን። ነጭ ሰሌዳ ላይ ጻፍናቸው።

ከርነሉ የራሱን ስም ይይዛል። «ዩኔም -ኤን» ሲባል የሚያሳየው እሱን ነው። ማሽኑ ሲነሳ ስሙን የሚያነበው ከ/ኢቲሲ/ሆስትኔም ነው። በሊኑክስ ይህ ስም ከ64 ፊደል መብለጥ አይችልም። በዲኤንኤስ ደግሞ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው እያንዳንዱ ክፍል ከ63 አይበልጥም። የሚፈቀዱት ፊደል፣ ቁጥርና አጭር ሰረዝ ናቸው። የግርጌ ሰረዝ አይፈቀድም፣ ብዙ ሰው ግን ይጠቀመዋል።

ሙሉ ስሙ የሚገኘው ከሌላ ቦታ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሊኑክስ ውስጥ «ዶሜይኔ ይህ ነው» ተብሎ የሚጻፍበት የተለየ ሣጥን የለም። «ሆስትኔም -ኤፍ» ሲባል ማሽኑ አጭር ስሙን ይዞ «ይህ ስም ሙሉው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የሚጠይቅበትን ቅደም ተከተል የሚወስነው /ኢቲሲ/ኤንኤስስዊች.ኮንፍ ነው። በተለምዶ ፋይል ይቀድማል፣ ዲኤንኤስ ይከተላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ሆስትስ ፋይል ነው። እዚያ ከአይፒው ቀጥሎ የተጻፈው የመጀመሪያው ስም ሙሉ ስም ተደርጎ ይወሰዳል። የቀሩት ቅጽል ናቸው። ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል ማለት ነው። ትክክለኛው መስመር ይህን ይመስላል፦

127.0.1.1   ቡኪንግ.ምሳሌ.ኮም   ቡኪንግ

ተገልብጦ አጭሩ ከቀደመ «ሆስትኔም -ኤፍ» አጭሩን ይመልሳል፣ ዶሜይኑም ባዶ ይሆናል። 127.0.1.1 የደቢያን (የኡቡንቱ መሠረት የሆነው ሊኑክስ) እና የኡቡንቱ ልማድ ነው። ቋሚ አይፒ ያለው ማሽን ያንኑ አይፒ ቢጽፍ ይሻላል።

/ኢቲሲ/ሪዞልቭ.ኮንፍ ውስጥ ያለው «ሰርች» ደግሞ ሌላ ሥራ አለው። አጭር ስም ስትጽፉ ከኋላው የትኛውን ዶሜይን ቀጥሎ ይፈልግ የሚለውን ነው የሚነግረው። ማሽኑን አይሰይምም።

ከዚያ ፕሮግራሞቹ አሉ። ደቢያንና ኡቡንቱ ላይ ፖስትፊክስ ሲጫን የማሽኑን ስም አንብቦ የቅንብር ፋይሉ ሜይን.ሲኤፍ ውስጥ ይጽፈዋል። ከዚያ በኋላ የማሽኑ ስም ቢለወጥ አያይም። የራሱን ቅጂ ይዟል።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከሰርቨሩ ውጭ ናቸው። ኤ ሪከርድ ስምን ወደ አይፒ ያመራል፣ የሚስተካከለውም ዶሜይኑ የሚተዳደርበት ቦታ ነው። ፒቲአር አይፒን ወደ ስም ያመራል። እሱን መጻፍ የሚችለው የአይፒው ባለቤት ብቻ ነው፣ በዚህ ጉዳይ የቪፒኤሱ አቅራቢ። ልጁ ፒቲአሩን ዶሜይኑን በገዙበት ፓነል ላይ ሲፈልግ ብዙ ሰዓት አጥፍቷል። እዚያ የለም፣ ሊኖርም አይችልም።

የተወሰደው እርምጃ

ሥራው ከውጭ ወደ ውስጥ እንዲሄድ ተስማማን። ሰርቨሩ አዲሱን ስም ከመጥራቱ በፊት ዓለም ስሙን ማወቅ አለበት።

ስሙ «ቡኪንግ.ምሳሌ.ኮም» ሆነ። ለዚህ ስም ኤ ሪከርድ ወደ 203.0.113.25 ተጻፈ። ከዚያ በአቅራቢው ፓነል ላይ ለዚያው አይፒ ፒቲአር ወደ «ቡኪንግ.ምሳሌ.ኮም» ተሞላ። ሁለቱም «ዲግ» በሚለው መሣሪያ፣ በተለይ «ዲግ -ኤክስ» እየተባለ፣ እስኪታዩ ጠበቅን። የድሮው መልስ ዕድሜው እስኪያልቅ በየቦታው ተቀምጦ ስለሚቆይ እዚህ ላይ መቸኮል ትርፉ ድካም ነው።

ሰርቨሩ ላይ በሆስትኔምሲቲኤል አጭሩ ስም «ቡኪንግ» ተሰጠ። አጭሩ ይሁን ወይስ ሙሉው የሚለው የቆየ ክርክር ነው። ሌላ የሊኑክስ ዓይነት የሚያዘጋጀው ሬድ ሃት ሙሉውን ይመክራል። በደቢያን ወገን ልማዱ አጭሩ ነው። እኔ የሲስተሙን ልማድ መከተል እመርጣለሁ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ባለሙያ የሚጠብቀው እሱን ስለሆነ። ሆስትስ ፋይሉ በላይ እንደተጻፈው ተስተካከለ።

ክላውድ-ኢኒትን ዝም ለማሰኘት /ኢቲሲ/ክላውድ/ክላውድ.ሲኤፍጂ.ዲ ስር አዲስ ፋይል ተጻፈ። «ፕሪዘርቭ ሆስትኔም» እውነት፣ «ማኔጅ ኢቲሲ ሆስትስ» ሐሰት ተባለ። እዚህ ሰርቨር ላይ ይህ በቃ። ምርጫው ሰርቨሩ ሲፈጠር ከተሰጠው የተጠቃሚ ዳታ የመጣ ቢሆን ግን አይበቃም ነበር። ያ በፋይሉ ላይ ይበልጣል። እንዲህ ሲሆን የሚስተካከለው ክላውድ-ኢኒት የሚገለብጠው ንድፍ ራሱ ነው።

ፖስትፊክስ ውስጥ ማይሆስትኔም «ቡኪንግ.ምሳሌ.ኮም» ሆነ። ከማይዴስቲኔሽን ላይ ባዶው ዶሜይን ወጣ፣ የማሽኑ ስምና ሎካልሆስት ብቻ ቀሩ። የሠራተኞቹ ኮፒ ወዲያው መድረስ ጀመረ። የላኪው አድራሻ በምሳሌ.ኮም መጨረሱ አልተለወጠም። ማሽኑ የሚጠራበት ስምና ደብዳቤው የሚፈረምበት ዶሜይን አንድ መሆን የለባቸውም።

ኤስፒኤፍ ላይ የነበረው የሳጥን አገልግሎት ሰጪው ብቻ ስለሆነ የሰርቨሩ አይፒ በዚያው መስመር ውስጥ ተጨመረ። ሁለተኛ የኤስፒኤፍ መስመር መጻፍ አይቻልም። ሁለት ሲሆኑ ተቀባዩ እንደ ስህተት ቆጥሮ ሁለቱንም ይተዋል።

ያልታሰበው፦ ወረፋው ባዶ ሆነ

ሪቡት ተደረገ። ስሙ ጸና፣ ሆስትስም ጸና፣ ሱዶም ፈጠነ። ግን ከሲስተሙ አንድም ኢሜይል አይወጣም። ፕሮግራሙ ራቢትኤምኪው ላይ መግባት አልቻለም። ተጠቃሚው የለም፣ ወረፋዎቹ የሉም። አዲስ እንደተጫነ ነው የሚመስለው።

ራቢትኤምኪው ራሱን የሚጠራው በማሽኑ ስም ነው። የድሮ ስሙ «ራቢት@ቪኤም-4471» ነበር፣ ዳታውንም በዚያ ስም በተሰየመ ማህደር ውስጥ ያስቀምጣል። ማሽኑ «ቡኪንግ» ሲሆን እሱ «ራቢት@ቡኪንግ» ሆኖ ተነሳ። በዚያ ስም ምንም ማህደር ስላላገኘ ከባዶ ጀመረ። ዳታው አልጠፋም። /ቫር/ሊብ/ራቢትኤምኪው ስር በድሮው ስም ቁጭ ብሏል።

መፍትሔው ስሙን ማሰር ነበር። በራቢትኤምኪው የአካባቢ ቅንብር ፋይል ውስጥ «ኖድኔም» የሚለው የድሮው ስም ሆኖ ተጻፈ። ያ አጭር ስም አይፒ እንዲያገኝም ሆስትስ ፋይሉ ላይ እንደ ቅጽል ተጨመረ። ሰርቪሱ ሲነሳ ወረፋውም፣ በወረፋው ላይ የነበሩት ያልተላኩ ማረጋገጫዎችም ተመለሱ። መስመሩ አጠገብ «ይህ ስም ለራቢት ነው፣ አትሰርዝ» የሚል ማስታወሻ አለ።

ራቢትኤምኪው ብቻውን አይደለም። የዳታቤዝ ፕሮግራሙ ማይኤስኪውኤል ልዩ ስም ካልተሰጠው የሬፕሊኬሽን ሎጎቹን፣ ማለትም ዳታን ከዋናው ወደ ተከታዩ ሰርቨር ለመቅዳት የሚጠቀምባቸውን ፋይሎች፣ በማሽኑ ስም ይሰይማል። ስሙ ሲለወጥ ተከታዩ ሰርቨር የራሱን ፋይሎች ያጣል። ስም ከመለወጥ በፊት /ኢቲሲ እና /ቫር/ሊብ ውስጥ የድሮውን ስም «ግሬፕ» በሚባለው የመፈለጊያ ትእዛዝ መፈለግና የማህደር ስሞችንም ማየት ይገባል። እዚህ ቢደረግ ኖሮ ማህደሩ በግልጽ ይታይ ነበር።

ጂሜይል አሁንም እምቢ አለ

የአውሮፓ ወኪሎቹ ይቀበላሉ፣ ቢሮው ይቀበላል። ጂሜይል ግን አንዳንዱን ይቀበላል፣ አንዳንዱን ይመልሳል። የስህተት ኮዱም ያው የፒቲአር ነው። «ዲግ -ኤክስ» ሲታይ ግን ፒቲአሩ አለ።

ሎጉን ቀስ ብሎ ላነበበ መልሱ እዚያው ነው። የታገዱት ሲወጡ የተጠቀሙት ረጅሙን አድራሻ፣ አይፒቪ6ን ነው። ቪፒኤሱ ሁለቱንም ዓይነት አድራሻ ይዞ ነው የመጣው። ለአይፒቪ4 ፒቲአር ተጻፈ፣ አይፒቪ6 መኖሩን ማንም አላስታወሰም። ፖስትፊክስ በሁለቱም መንገድ ሊወጣ ይችላል፣ ስለዚህ ውጤቱ አንዴ ነጭ አንዴ ጥቁር ሆነ።

ሁለት መንገድ ነበር። አንዱ ለአይፒቪ6ም ስምና ፒቲአር መጻፍ ነው። ሌላው ፖስትፊክስ በአይፒቪ4 ብቻ እንዲወጣ ማድረግ። ሁለተኛው ተመረጠ፣ «ኢኔት ፕሮቶኮልስ» የሚለው ወደ አይፒቪ4 ተቀየረ። ይህ ቅንብር በ«ሪሎድ» አይሠራም። ፖስትፊክስ ቆሞ እንደገና መነሳት አለበት። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን እመርጥ ነበር፣ ባለቤቷ ግን «ዛሬ ይሂድልኝ» አሉ። የወቅቱ ቱሪስት ስለማይጠብቅ አልተከራከርኩም።

የሠራውና ያልሠራው

ከውጭ ወደ ውስጥ መሄዱ በደንብ ሠርቷል። ስሙ መጀመሪያ ዲኤንኤስ ላይ ስለተቀመጠ ሰርቨሩ ስሙን በለወጠበት ሰዓት በአይፒቪ4 የወጣውን ማንም አላገደውም። ለሰርቨሩ ከዶሜይኑ የተለየ የራሱ ስም መስጠቱም እንዲሁ።

ያልሠራው በቀጥታ ሰርቨሩ ላይ፣ ደንበኛ እየተጠቀመበት፣ ስም መለወጡ ነው። የራቢትኤምኪው ጉዳይ ለጥቂት ሰዓታት ሲስተሙን ዲዳ አድርጎታል። ስናፕሾት፣ ማለትም የሰርቨሩ ሙሉ ቅጂ፣ ተወስዶ፣ ከሱ ሌላ ማሽን ተነስቶ፣ እዚያ ቢሞከር ኖሮ ጉዳቱ ቀድሞ ይታይ ነበር። የአቅራቢው ክፍያ በሰዓት ስለሆነ ወጪው ሳንቲም ነው።

ሙከራውም ጉድለት ነበረው። ልጁ ስሙ መሥራቱን የሚያረጋግጠው በ«ዲግ» ብቻ ነበር። ዲግ ራሱ ሆስትስ ፋይልን አያይም፣ የሚጠይቀው የዲኤንኤስ ሰርቨርን ነው። ፕሮግራሞች ግን ኤንኤስስዊች ባለው ቅደም ተከተል ነው የሚሄዱት። እነሱ የሚያዩትን ለማየት «ጌትኤንት ሆስትስ» ብሎ ስሙን መስጠት ነው። ሁለቱ ሲለያዩ ችግሩ ሰርቨሩ ውስጥ እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል።

ለሌላ ቦታ የሚሆን

ስም ከለወጣችሁ ሪቡት አድርጉ። ሪቡት ያልታየ ለውጥ ገና አልተፈተነም። ከሪቡቱ በኋላ ሆስትኔም፣ ሆስትኔም -ኤፍ፣ ጌትኤንት፣ ዲግ -ኤክስ እና ፖስትኮንፍ ማይሆስትኔም አንድ በአንድ ይታዩ። አንዱ ሌላ ነገር ከተናገረ ሥራው አላለቀም። ከዚያ ወደ ራሳችሁ ጂሜይል አንድ ደብዳቤ ልካችሁ ምንጩን ክፈቱ። «ሪሲቭድ» የሚለው መስመር ላይ ሰርቨሩ ራሱን ማን እንዳለና ተቀባዩ ማን ብሎ እንዳወቀው ጎን ለጎን ይታያል። ከሁሉም ፍተሻ እኔ የማምነው ይህንን ነው።

ፒቲአር የት እንደሚጠየቅ ቀድማችሁ እወቁ። ዶሜይናችሁ በኢትዮ ቴሌኮም የሚተዳደረው የ.ኢቲ ቢሆን እንኳ ሰርቨሩ ውጭ አገር ከተከራየ ጥያቄው የሚሄደው ለአከራዩ ነው። ሰርቨሩ ቢሮ ውስጥ ሆኖ ቋሚ አይፒ ከኢንተርኔት አቅራቢ ከተወሰደ ደግሞ ጥያቄው ለዚያ አቅራቢ ነው። ከመከራየታችሁ በፊት «ፒቲአር ራሴ መለወጥ እችላለሁ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጣጣ ያስቀራል። ወደ ውጭ ኢሜይል የሚወጣበትን በር፣ ፖርት 25ን፣ የሚዘጉ አቅራቢዎችም ስላሉ እሱንም አብራችሁ ጠይቁ።

ቅጂ እያደረጉ ሰርቨር የሚያበዙ ሰዎች ስሙን ብቻ ለውጠው ይተዋሉ። /ኢቲሲ/ማሽን-አይዲ የሚለው መለያና ሰርቨሩ ከሩቅ ለሚገባበት ሰው ማንነቱን የሚያረጋግጥባቸው የኤስኤስኤች ቁልፎቹም አብረው ይገለበጣሉ። እነሱም እንደገና መፈጠር አለባቸው። ሁለት ማሽን አንድ ቁልፍ ከያዘ፣ አንዱን የሰበረ ሌላውን መስሎ መቅረብ ይችላል።

ከውጭ የማይታይ የቢሮ ኔትወርክ ላይ ሰዎች ለማሽኖቻቸው «.ሎካል» የሚል መጨረሻ መስጠት ይወዳሉ። ይህ መጨረሻ ከ2013 ጀምሮ ማሽኖች ያለ ዲኤንኤስ ሰርቨር እርስ በርስ ለሚጠራሩበት ዘዴ የተያዘ ነው። አታሚ የሚገኘው በዚያ ነው። ኡቡንቱ ዴስክቶፕ ላይ በ.ሎካል የሚያልቅ ስም ወደ ዲኤንኤስ ሰርቨራችሁ ሳይደርስ እዚያው መልስ ሊያጣ ይችላል፣ ምክንያቱንም መፈለግ አድካሚ ነው። የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተባብረው ድርጅት፣ አይካን፣ በ2024 «.ኢንተርናል» የሚለውን ለግል ኔትወርክ ብቻ እንዲሆን ወስኗል። የራሳችሁ የተገዛ ዶሜይን ካላችሁ ግን «ቢሮ.ምሳሌ.ኮም» ብሎ ከሱ ስር መክፈት ከሁሉም ይቀላል። ይህ ድርጅትም የቢሮ ማሽኖቹን አሁን እንዲህ ነው የሰየማቸው፣ የአታሚው ስም ብቻ እንደነበረ ቀርቷል።